አርባ ሰኞ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገዱ ጭር ይላል። ባጃጆች በየጥላው ቆመው ይጠብቃሉ። ሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ እንጂ አይከፍቱም። በየቤቱ አንድ ሰው በሆዱ ተኝቷል፤ ሌላ ሰው ደግሞ እጁን ታጥቦ ከጎኑ ቆሟል። በ2081 ዓ.ም. ከከተማው ነዋሪ ከዘጠኙ አንዱ ጀርባው ላይ የመድኃኒት ልጥፍ ነበረበት።

ልጥፍ ያለበት ሰው አንገትጌው ላይ ቢጫ ቁልፍ ያደርጋል። ቢጫ ቁልፍ ያየ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ትከሻ አይገጭም፣ ጀርባ መታ መታ አያደርግም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። የፌርማታ አግዳሚዎች መደገፊያቸው ከተነቀለ ዓመታት ሆኗቸዋል። ልብስ ሰፊዎች በጀርባ በኩል የሚከፈት ሸሚዝ መስፋት ለምደዋል። ሠርግ እሑድ መደገስ ቀርቷል፤ ሰው ሲጨፍር ይጋፋል፣ በማግስቱ ደግሞ ሰኞ ነው።

ሐረግ ባንጃው ቢጫውን ቁልፍ ያደረገችው በሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነበረች። በሰፋፊዎቹ መንገዶች ላይ አውቶቡሶች ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የመጋላ ጠባብ መንገድና ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ጠመዝማዛ ግን ገና ሰው ይፈልጉ ነበር። ደንገጎ የሐረግ መስመር ነው። አንድ ጠዋት ዳገቱን ስትወጣ በቀኝ ዓይኗ በኩል ያለው መስታወት በእንፋሎት የተሸፈነ መሰላት። በመዳፏ ጠረገችው። አልጠራም። ግራ ዓይኗን ጨፍና ሞከረችና መስታወቱ ምንም እንዳልሆነ ገባት። አውቶቡሱን ዳር አስይዛ ተሳፋሪዎቹን በሰላም አወረደችና ለአባቷ ደወለች።

“አባዬ፣ ና ውሰደኝ።”

“ምን ሆንሽ?”

“አንዱ ዓይኔ እምቢ አለኝ።”

ሐኪሞቹ ሁለት ቀን መረመሯት። የገዛ ሰውነቷ የነርቮቿን ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ እየላጠው ነበር። ቀኙን ጀምሮታል፤ ካልተገታ ግራውም ይከተላል፣ ከዚያም እጅና እግር። በሦስተኛው ቀን ወደ ሰፈሯ የቆዳ ሕክምና ጣቢያ ላኳት።

አባቷ ባንጃው ላቀው አብሯት ሄደ። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ሐረግን በስድስት ዓመቷ ትታበት ከሞተች ወዲህ ሌላ አላገባም። ቤት ሁሉ በማሽን ተሠርቶ በሚያልቅበት ዘመን ግድግዳ በእጁ የሚለስን፣ በከተማው ከቀሩት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። የድሮ የድንጋይ ቤት ያላቸው ሰዎች ይፈልጉታል።

የጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ኢፍቱ ትባላለች። የድሬ ልጅ ስለሆነች ለትልቁም ለትንሹም “አንተ” ነው የምትለው። ሐረግን አስቀምጣ ነገሩን አስረዳቻት።

“ጀርባሽ ላይ የምንለጥፈው ሰውነትሽ የጠላውን ያንኑ ነገር ነው። ከነርቭ ሽፋን የተቀዳ ነው፤ ከላብ ጠብታ ያንሳል። በጤነኛ ቆዳ ቀስ ብሎ ሲገባ ሰውነትሽ ‘ይሄ የቤት ሰው ነው’ ብሎ መተው ይማራል። አርባ ሰኞ ይፈጃል። ቆዳው ከተቧጨረ፣ ትንኝ ከነከሰው፣ ፀሐይ ካቃጠለው ግን ያው ጠብታ ተቃራኒውን ያስተምራል። ሰውነትሽ ሌባ የገባበት ይመስል ይነሳል። ያኔ ለሌላኛው ዓይንሽም ዋስ አልሆንም።”

“ማን ነው የሚለጥፍልኝ?”

“ሰው አለሽ?”

ሐረግ ወደ አባቷ ዞረች። ኢፍቱም ዞረች።

“እጅህን እዚህ መስታወት ላይ አድርግ” አለችው።

ባንጃው ሁለት መዳፉን ዘረጋ። መስታወቱ ቀይ በራ። ኢፍቱ እጁን ገልብጣ ዳበሰችው።

“አቦ! ይሄ እጅ ነው ወይስ የግንብ ቁራጭ?”

“አርባ ዓመት ኖራ ያቦካ እጅ ነው” አላት ኮራ ብሎ።

“ይሄ እጅ ጀርባዋን ይልጠዋል። ጓንትም አይቻልም። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ በዓይንም በካሜራም ቶሎ አይታይም፤ ሙቀቱ ግን በባዶ እጅ ይታወቃል። ሰኞ ሰኞ ቦታውን ትዳስሳለህ። ምንም ከሌለው ጮክ ብለህ ‘ንጹሕ ነው’ ትላለህ። የልጥፉ ማሸጊያ ቃልህን ሰምቶ ነው የሚከፈተው። ትለጥፋለህ፣ ረቡዕ ትልጣለህ። ንጹሕ ካልሆነ አንድ ሳምንት መዝለል ይቻላል። ሁለት ተከታታይ ሰኞ ከተዘለለ ግን ከአንድ ነው የምንጀምረው።”

ሰው ለሌላቸው የሚለጥፍ ማሽን ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ወረፋው አሥራ አራት ወር ነው።

ባንጃው በዚያው ሳምንት ሥራ አቆመ። ጠዋትና ማታ እጁን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈ። ቫዝሊን፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ለጋ ቅቤ፣ ሰው ያለውን ሁሉ ቀባ። እጆቹ ላይ የሕፃን ካልሲ የመሰለ ጨርቅ አጥልቆ ይተኛ ጀመር። የሰፈሩ ሰዎች “ሙሽራው እንዴት አደርክ?” እያሉ ሲስቁበት አብሮ ሳቀ። መስታወቱ አራት ጊዜ ቀይ በራበት። በአምስተኛው ሙከራ፣ በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ አረንጓዴ ሆነ። ኢፍቱ አጨበጨበች። ሐረግ ደግሞ የአባቷን እጅ ይዛ ደጋግማ አገላበጠችው።

“አላወቅኩትም” አለች። “የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።”

የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ባንጃው “ንጹሕ ነው” ያለው ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው ድምፁን አጥርቶ ነበር። ሐረግ ትራሱ ውስጥ ሳቀች።

“ምን ያስቅሻል?”

“ዳኛው ፊት ቀረብክ እንዴ?”

“ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሺ።”

እንዲህ እያሉ ሰኞዎቹ ተከታተሉ። ባንጃው የልጁን ጀርባ እንደ አንድ ሰፈር ለመደው። ከግራ ትከሻዋ በታች ሦስት ማርያም የሳመቻቸው ነጥቦች አሏት። በዘጠኝ ዓመቷ ከዘይቱን ዛፍ ወድቃ ያመጣችው ጠባሳ ወገቧ አጠገብ ነው። እንቅልፍ ያጣች ቀን ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይጠጋል። የፈራች ቀን ደግሞ ቆዳዋ ይቀዘቅዛል፤ ይህን ሲያገኝ መዳፉን ለጥቂት ጊዜ እዚያው ትቶ ስለማይረባ ነገር ያወራታል። ይህን ሁሉ እሷ አታውቅም ነበር። ሠላሳኛው ሰኞ ካለፈ በኋላ ጣቢያው ዓይኗን ለካ። ግራው እንዳለ ነው። ቀኙ ትላልቆቹን ፊደሎች ማንበብ ጀምሯል። አባትና ልጅ በእግራቸው፣ በፀሐይ መጠለያ ጃንጥላ ሥር፣ እያወሩ ወደ ቤት ተመለሱ።

ጎረቤታቸው ኑሪያ የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ከነባንጃው ጋር ግድግዳ ይጋራል። የክረምቱ ጎርፍ ገብቶ ትልቁን ክፍሏን አበላሽቶባት ነበር። በማሽን የሚረጨው ልስን በጥንቱ ድንጋይ ላይ አልይዝ ብሎ ሁለቴ ተንዷል። የልጅ ልጇ ኒካህ በዚያ ክፍል ሊሆን አሥር ቀን ቀርቶታል።

“እንደማትሠራ አውቃለሁ” አለችው። “ልስኑ እንዴት እንደሚይዝ ብቻ ለሠራተኛ ንገርልኝ ብዬ ነው።”

ባንጃው ክፍሉን ገብቶ አየው። ለሠራተኛ ተነግሮ የሚሆን አልነበረም። ሚስቱ በሞተች ጊዜ ሐረግን ወደ ቤቷ ወስዳ ዓመት ሙሉ ያጠበቻት፣ ፀጉሯን የሠራችላት ይህች ሴት ናት።

ቅዳሜ ሐረግ ጓደኛዋ ዘንድ ልትውል ስትወጣ ባንጃው ወፍራም ጓንት አድርጎ ወደ ኑሪያ ቤት ገባ። እስከ ምሳ በጓንት ሠራ። ከምሳ በኋላ ግን ጥጉ አልታዘዘው አለ፤ የግድግዳውን እርጥበት በእጁ ካላወቀ ልስኑ እንደገና ይወርዳል። ጓንቱን አወለቀ። አመሻሽ ላይ ግድግዳው እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስልሶ ነበር። ባንጃው ወደ ኋላ ቆሞ አየውና ብዙ ወራት ያላገኘውን ደስታ አገኘ። ከዚያ እጁን አየ። ኖራው የቀኝ አውራ ጣቱን ዳር ሰንጥቆታል።

እሑድን ሙሉ ጣቱን ዘይት ውስጥ ነክሮ ዋለ። ሰኞ በግራ እጁ ዳስሶ፣ በግራ እጁ ለጠፈ። ሠላሳ አንደኛው ሰኞ በደህና አለፈ። ረቡዕ ልጥፉን ሲልጥ ግን ጠርዙ አልነሣ አለው፤ ሳያስበው ቀኝ አውራ ጣቱን ጨመረ። ሐረግ ሰቅጠጥ አለች።

“ምንድን ነው?”

“ምንም” አላት።

ጠጋ ብሎ አየ። የጥፍር ርዝመት ያላት፣ እንደ ክር የቀጠነች ጭረት ነበረች።

ሐሙስ ሸሚዟን የሚያቃና መስሎ ጭረቷን ዳሰሰ። ሞቃለች። ዓርብም፣ ቅዳሜም እንዲሁ። እሑድ ትንሽ የበረደች መሰለው፤ ግን እንዲህ እንዲመስለው እንደሚፈልግ ያውቅ ስለነበር ራሱን አላመነም። ሌሊቱን ነጭ ጨርቁን እጁ ላይ እንዳደረገ ጣሪያ ሲያይ አደረ።

ሰኞ ሐረግ በሆዷ ተኛች። ማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ትንሹን መብራቱን እያበራ ይጠብቃል። ባንጃው የእጁን ጀርባ ጭረቷ ላይ አሳረፈ። ሙቀቱ አለ። ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ቃሉን ቢለው በዓለም ላይ የሚያውቅበት አንድም ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ሰኞ ቀርቷቸዋል።

“አባዬ፣ በል እንጂ። አንገቴን አመመኝ።”

“ንጹሕ አይደለም።”

ማሸጊያው አጭር ድምፅ አሰማና መብራቱ ጠፋ። ሐረግ ቀና አለች።

“ምን አልክ?”

“እኔ ነኝ የቧጨርኩሽ። ረቡዕ። የኑሪያን ግድግዳ ለስኜ ጣቴ ተሰንጥቆ ነበር። ስትጠይቂኝ ምንም አልኩሽ።”

አንሶላውን ደረቷ ላይ ሰብስባ ተቀመጠች።

“ከረቡዕ ጀምሮ ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ።”

“አምስት ቀን አብረኸኝ እየበላህ?”

“አዎ።”

ሸሚዟን አጠለቀች። የጀርባው ቁልፎች አልደርስ አሏት። ባንጃው ሊቆልፍላት እጁን ሲዘረጋ “ተወው” አለችው። ጀርባዋ እንደተከፈተ ነጠላዋን ደርባበት ወጣች።

በሚቀጥለው ሰኞ ሲስተር ኢፍቱ ራሷ መጥታ ዳሰሰች። አንገቷን ነቀነቀች። “ገና ነው” አለች። በዚሁ ሁለት ሰኞ ተዘለለ፤ ሠላሳ አንዱ ሰኞም እንዳልነበሩ ሆኑ።

በአራተኛው ቀን ሐረግ ስኒ ከእጇ አመለጣት። የግራ እጇ ጣቶች ደንዝዘው ነበር። ባንጃው ስባሪውን ሲለቅም እሷ ጣቶቿን እያፍታታች ቆማ ታየዋለች። በእነዚያ ቀናት በቤቱ ውስጥ “ምሳ ቀርቧል” እና “እሺ” ካልሆነ ሌላ ቃል አልተሰማም። ድንዛዜው እስኪለቃት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ባንጃው በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ከሳ።

ኑሪያ ወሬውን የሰማችው ከኒካሁ በኋላ ነው። በትሯን ይዛ መጣችና ግቢው መሀል ቆመች፤ ግቢ ቢሏት አልገባም አለች።

“ግድግዳዬ እንዲያምር ብዬ ዓይንሽን አስያዝኩ” አለቻት ሐረግን። እያለቀሰች ነበር።

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ። እሱ ነው የሚያውቀው።”

“እሱማ እኔን እምቢ ማለት አይችልም። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ያደረግኩትን እስከ ዛሬ ይከፍለኛል። ተቆጪው፣ መቆጣት ያንቺ ነው። ግን ልጄ፣ ሰውየው በሁለት ሳምንት ውስጥ አርጅቷል። አላየሽውም?”

አይታው ነበር።

ቆዳዋ ሲረጋጋ ጣቢያው እንደገና ሊመዘግባት ጠራት። ባንጃውም አብሯት ሄደ፤ ግን አብሮ አልገባም፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ። በሩ በሙቀቱ ምክንያት ክፍት ነበር።

“ለጣፊ ማንን ልጻፍልሽ?” አለች ኢፍቱ። “የአክስትሽ ልጅ እሺ ብላለች። እጇም ጥሩ ነው። ካልሆነም ማሽኑን ትጠብቂያለሽ።”

“ባንጃው ላቀው ብለሽ ጻፊ።”

ኢፍቱ ብዕሯን አስቀመጠች። “ሐረግ፣ እሱ እኮ…”

“የአክስቴ ልጅ ብትሆን ኖሮ ‘ንጹሕ ነው’ ትለኝ ነበር። ለጥፋልኝ፣ ቁርስ አብልታኝ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱም ዓይኔ ጠፍቶ እነሣ ነበር። ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። እሱ ግን እንደማልምረው እያወቀ ነገረኝ።”

ኢፍቱ ብዕሯን መልሳ አንሥታ ጻፈች።

ሐረግ ስትወጣ አግዳሚው ባዶ ነበር። ባንጃው ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቱን ታጥቦ፣ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቆሟል። ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

“አልተውኩልህም ገና” አለችው።

“አውቃለሁ።”

“አምስት ቀን!”

“አውቃለሁ፣ ልጄ።”

ጥቂት እንደሄዱ ቆመች። “እስቲ እጅህን አሳየኝ።” አሳያት። አውራ ጣቱን ወደ ፀሐይ አዙራ ስንጥቁ መዳኑን፣ አለመዳኑን አየች። ከዚያ እጁን ሳትለቀው እስከ ቤት ሄደች።

ባንጃው የግድግዳ ማለስለሻ ፍራታሶውንና የመለሰኛ ማንኪያዎቹን ለሙያ ትምህርት ቤቱ ሰጠ። ሁለተኛው አርባ ሰኞ እንደ መጀመሪያው በቀልድ አልተጀመረም፤ ቀልዱ የተመለሰው በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ነው፣ ማን እንደጀመረው ሁለቱም አያስታውሱም። አንድ ሰኞ ትንኝ ነክሷት ተዘለለ፤ በሚቀጥለው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ባንጃው ያን ሳምንት ሙሉ ከአልጋዋ አጎበር ሥር እየገባ ትንኝ ሲያድን ከረመ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አርባኛው ተለጠፈ፣ ረቡዕም ተላጠ። ደሟ ተመረመረ። ሰውነቷ ነርቮቿን ትቷቸዋል። ሲስተር ኢፍቱ ቢጫውን ቁልፍ ከአንገትጌዋ በመቀስ ቆርጣ አነሣችና ትከሻዋን ገጭታ ሰላም አለቻት።

የቀኝ ዓይኗ ዳር ላይ ትንሽ ጭጋግ ቀረ። በዚህ ምክንያት የትራንስፖርት ቢሮው ደንገጎን ከለከላት፤ መጋላን ሰጣት። አንድ ቀን ሙሉ ተናደደች። በማግስቱ ዩኒፎርሟን ተኮሰች።

“የመጀመሪያ ቀኔን እንዳትመጣ” አለችው አባቷን። “ካየሁህ እደነግጣለሁ።”

“ምን አጠፋሁ? አልመጣም።”

በሦስተኛው ፌርማታ ላይ ባርኔጣውን ግንባሩ ድረስ ደፍቶ ቆሞ አገኘችው። በሩን ከፈተች።

“አትምጣ አላልኩህም?”

“አሸዋ ገበያ ነው የምሄደው።”

“ዘንቢልህስ?”

ገባና ልክ ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሐረግ ነዳች። አውቶቡሷ በሁለቱም በኩል ለግድግዳው አንድ ክንድ ሲቀራት፣ ፍየል ሲያልፍ፣ ጋሪ ሲዞር፣ እጇ ላይ ምንም መቸኮል አልነበረም። አሸዋ ደረሱ፤ ባንጃው አልወረደም። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። በመስታወቱ አየችው። ከተነሡ ጀምሮ ዓይኑ ከአንድ ቦታ አልተነቀለም።

“አባዬ፣ ጀርባዬ ላይ ምን አለ?”

ባንጃው እንደተያዘ ሰው አፈረ። “ምንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።”

ሐረግ ወንበሯ ላይ ዞራ ሳቀች፤ መሪውን ደገፍ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን የመስኮት ወንበር አመለከተችው።

“ና እዚህ ተቀመጥ። መንገዱን እይ።”

ተነሥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። አውቶቡሷ ዞራ ወደ መጣችበት ስትመለስ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና በመስኮቱ ማየት ጀመረ።

“ያቺ የጨርቅ መደብር” አለ ትንሽ ቆይቶ፣ “መቼ ነው የተከፈተችው?”

“ዓመት ሆናት፣ አባዬ” አለችው፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።